ሰበብ ማድረስም ከተወኩል ነው

 

በአንድ የጥቅምት ወር ዱርቤቴ ውስጥ፣ ከፈጅር ሰላት በኋላ አንዲት እናት መስጊድ በር ላይ ጠበቁኝ። የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ደረቱ ሲር ሲር እያለ ሌሊቱን ተቀምጦ ነበር ያደረው። «ሸይኻችን፣ ዱዓ አድርጉለት» አሉኝ። ዱዓ አደረግንለት። «ሐኪምስ አይቶታል?» ስላቸው፣ «በጉ እስኪሸጥ ነው» አሉ። የጤና መድን አባል ነበሩ፤ ነገር ግን በጥር ማደሻው ሲደርስ ልጁ ደህና ስለነበር ሳያድሱ ቀሩ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ የወቅት አስም ነው። ከመስከረም ጀምሮ የአበባና የሣር ብናኝ፣ ቀጥሎም የአውድማው አቧራ ይነሳል። አለርጂ ያለበት ሰው የአየር ቧንቧው ያብጣል፣ ይጠባል። ወቅቱ ሲያልፍ ዳንን እንላለን፤ በሽታው ግን ተኝቶ ይጠብቃል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘውናል። ግመሉን ሳያስር በአላህ እመካለሁ ላለውም ሰው፣ መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። ታዲያ አቅም ያነሰው ቤተሰብ እንዴት ይታከም?

አንደኛ፣ መድን። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 በአገራችን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። መዋጮው የሚከፈለው በደህና ቀን ነው፤ ጥቅሙ የሚታየው በክፉ ቀን። መክፈል ለማይችል ድሃ መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ ቀበሌውን ጠይቁ። ሕክምናውን ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ የሪፈር ወረቀት ያዙ።

ሁለተኛ፣ የመድኃኒት ምርጫ። ፓፍ የምንለው ሁለት ዓይነት ነው። ሳልቡታሞል የጠበበውን ቧንቧ ወዲያው ይከፍታል፤ እብጠቱን ግን አያድንም። እንደ ቤክሎሜታዞን ያለው በየቀኑ ሲወሰድ እብጠቱን ይቀንሳል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ብቻ እየገዛን እንመላለሳለን። የዓለም የአስም ሐኪሞች መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎችና ለወጣቶች ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀምን አይመክርም። ስለዚህ «ማስታገሻውን ሰጣችሁኝ፤ መከላከያውስ?» ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። በየጊዜው ያለ ትእዛዝ የሚገዛው የዴክሳሜታዞን ክኒንና መርፌ ለጊዜው ቢያስታግስም ሲደጋገም ስኳር ያመጣል፣ አጥንት ያሳሳል። እሱ ርካሽ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የውኃ ላስቲክ። ልጆች ፓፉን በትክክል መሳብ ያቅታቸዋል፤ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ይቀራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ በሚገባ ከተዘጋጀ ከሚሸጠው መሣሪያ ጋር የሚስተካከል ሆኖ አግኝቶታል። ጠርሙሱ ይታጠባል፤ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ይበሳና አየር እንዳያስወጣ ዙሪያው ይደፈናል። ልጁ አንገቱን በከንፈሩ ይዞ፣ አንድ ጊዜ ሲነፋለት አምስት ስድስት ጊዜ ረጋ ብሎ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ለነርሷ አሳዩዋት።

ቤታችንንም እንመልከት። የማገዶው ጭስ፣ የጁሙዓው ዕጣንና ሰንደል ለዚህ ልጅ ጠላት ነው። ጥቁር አዝሙድ ሱና ነው፤ መድኃኒቱን ግን አያስጥልም። መናገር እስኪያቅተው ካጠረው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ በግ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም!

ስለ ጾምም ትጠይቁኛላችሁ። እንደ ኢብን ባዝና ኢብን ዑሠይሚን ያሉ ዑለማእ ፓፍ ጾም አያፈርስም ብለዋል፤ ያፈርሳል ያሉም አሉ። የሚያፈርስ ነው ብትሉ እንኳ ለታመመ ሰው ቀዷእ አለለት፤ ለጠፋ ነፍስ ግን ቀዷእ የለም።

ያን ዕለት ጀመዓው አዋጥቶ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ አደረሰው። አልሐምዱ ሊላህ፣ ተረፈ። እናቱም በጥር መድናቸውን አደሱ። እኔን የሚያሳስበኝ በሩ ላይ ያልመጡት ናቸው። ዘካ የምታወጡ ወንድሞች፣ የአንድ ድሃ ጎረቤት መዋጮ ስንት እንደሆነ እስቲ ጠይቁ። አላህ ሺፋውን ያውርድልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።