ኮምፒዩተር እንደ እልፍኝ አስከልካይ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 የንግግሬ አርእስት በቤት ውስጥ ያለ ኮምፒዩተር የቴሌፎን ጥሪ ተቀባይና አስተናጋጅ ሆኖ ስለሚያገለግልበት ጥበብ ነው። ነገሩ ከበዓላችን የራቀ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ነገር ግን ስለ አንድ ቤት፣ ስለ አንድ ክሊኒክ ወይም ስለ አንድ ትምህርት ቤት «ደውዬ የሚያነሣ አጣሁ» መባሉ ቀላል ነገር አይደለምና ጥቂት ደቂቃ በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቀድሞ ዘመን በአገራችን በነገሥታቱና በመኳንንቱ ቤት እልፍኝ አስከልካይ የሚባል ባለሟል ነበረ። ባለጉዳይ ሲመጣ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ለጌታው ያስታውቃል፤ የሚገባውን ያስገባል፤ ጊዜው ያልሆነውን «ነገ ተመለስ» ይለዋል፤ ጌታው በሌለም ጊዜ መልእክቱን ተቀብሎ ያቆያል። ጥሪን የሚያስተናግድ ኮምፒዩተርም ሥራው ይኸው ነው። መጠየቅ፣ መለየት፣ መቀበልና ማስታወስ ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1876 በቴሌፎን የፈጠራ መብት ሲቀበል መሣሪያው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ይኸውም ተጠሪው በስፍራው ከሌለ የጠሪው ቃል ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። ደብዳቤ ባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቃል፤ ቴሌፎን ግን አይጠብቅም። የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ቫልዴማር ፖልሰን በ1898 ድምፅን በብረት ሽቦ ላይ በማግኔት ኀይል የሚቀዳ መሣሪያ ፈጠረ። መሣሪያውን በ1900 በፓሪስ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ባሳየ ጊዜ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ ድምፃቸው ተቀድቶበታል፤ ያም ቅጂ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር የሚያስገርም ነው። በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ክላረንስ ሂክማን ቴሌፎን አንሥቶ መልእክት የሚቀዳ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ነገር ግን የላቦራቶሪው ባለቤት የነበረው የኤ ቲ ኤንድ ቲ ኩባንያ መሣሪያውን ለሕዝብ አላቀረበውም። ምክንያቱም ሰዎች ንግግራቸው ሊቀዳ እንደሚችል ያወቁ እንደ ሆነ ነጋዴው ስለ ውሉ፣ ሌላውም ስለ ምስጢሩ ፈርቶ ቴሌፎኑን ይተወዋል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ነው። መሣሪያው ተሰውሮ መቅረቱ መልካም አልነበረም፤ ሥጋቱ ግን ከንቱ አልነበረምና በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1968 የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን ካርተርፎን በሚባለው ጉዳይ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የቴሌፎን መረቡን እስካልጎዳ ድረስ ኩባንያው ያልሠራው መሣሪያም ከሽቦው ጋር ሊገናኝ ተፈቀደ። ይህ ውሳኔ ለመልእክት መቀበያ መሣሪያም ለሞደምም በር ከፈተ። ሞደም ማለት የኮምፒዩተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ፣ ድምፁንም መልሶ ወደ ቁጥር እየለወጠ በቴሌፎን ሽቦ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። በ1981 ሄይስ የተባለው ኩባንያ ስማርትሞደም የሚባለውን ባወጣ ጊዜ፣ ኮምፒዩተሩ በሚላክለት የጽሑፍ ትእዛዝ ራሱ ቁጥር መምታትና ራሱ ጥሪ ማንሣት ቻለ። በ1990ዎቹ ደግሞ የሰው ድምፅ የሚቀበልና የሚያሰማ ሞደም በየቤቱ ገባ። የቤት ኮምፒዩተር እልፍኝ አስከልካይ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ጥሪ ሲመጣ የሚሆነውን በቅደም ተከተል ልግለጽ።

መጀመሪያ፣ ደወል በሚደወልበት ጊዜ በሽቦው ላይ ከፍ ያለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይመጣል። ሞደሙ ይህን ሲያውቅ ለኮምፒዩተሩ ያስታውቃል። ሁለተኛ፣ በአሜሪካው አሠራር በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደወል መካከል ባለው ዝምታ፣ የጠሪው ቁጥር ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር በድምፅ ምልክት ተልኮ ይደርሳል። ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት ሲጠራ ጠሪውን ባለማወቁ ሦስት ጊዜ ወደ ካህኑ ዔሊ እንደ ሮጠ ሁላችን ተምረናል። ይህ ኮምፒዩተር ግን የጠራውን ሰው ቁጥር ገና አፉን ሳይከፍት ያውቃል። ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተሩ መስመሩን ከፍቶ ባለቤቱ አስቀድሞ የቀዳውን ሰላምታ ያሰማል፤ ቀጥሎም ጠሪው እንዲናገር የፉጨት ምልክት ይሰጣል። አራተኛ፣ የጠሪውን ድምፅ በየሰከንዱ 8,000 ጊዜ እየለካ እያንዳንዱን ልክ በቁጥር ይጽፋል። በመጨረሻ፣ ዝምታው ሲረዝም ወይም መስመሩ መዘጋቱን የሚገልጸው ድምፅ ሲሰማ ስልኩን ዘግቶ መልእክቱን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያስቀምጣል።

እስቲ ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። እያንዳንዱ ልክ አንድ ባይት ቢወስድ፣ የአንድ ደቂቃ ንግግር 480,000 ባይት፣ የአንድ ሰዓት ንግግር 28,800,000 ባይት ይሆናል። ስለዚህ 500 ሚሊዮን ባይት የሚይዝ ዲስክ ድምፁ ሳይታመቅ እንኳ ከ17 ሰዓት የሚበልጥ ንግግር ይችላል። ከዚህም በላይ ክሩን ወደፊትና ወደኋላ ማጠንጠን ሳያስፈልግ ከመልእክቶቹ የተፈለገውን መርጦ መስማት ይቻላል።

ጥቅሙ በዚህ አያበቃም። በ1963 በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለው ባለ ቁልፍ ቴሌፎን እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫን ሁለት ድምፅ ባንድነት ያሰማል። ለምሳሌ 1 ቁጥር የ697 እና የ1,209 ኸርዝ ድምፆች ጥምረት ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ለይቶ ስለሚያውቅ «ለአባት 1ን፣ ለእናት 2ን ይጫኑ» እያለ ለየቤተ ሰቡ አባል የተለየ ሣጥን መክፈት ይችላል። የታወቀ ዘመድ ሲደውል አንድ ሰላምታ፣ ያልታወቀ ሰው ሲደውል ሌላ ሰላምታ ያሰማል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደወሉን ዝም አሰኝቶ መልእክት ብቻ ሊቀበል ይችላል። ባለቤቱም ከሩቅ አገር ሆኖ ወደ ገዛ ቤቱ ደውሎ ምስጢራዊ ቁጥሩን ቢጫን መልእክቶቹን ያዳምጣል። አዲስ መልእክት ካለ በሁለተኛው ደወል፣ ከሌለ ግን በአራተኛው እንዲያነሣ ሊታዘዝም ይችላል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ሦስተኛውን ደወል እንደ ሰማ ምንም እንደሌለ ዐውቆ ሳይከፍል ስልኩን ይዘጋል። በሚስኮል የምንግባባ ኢትዮጵያውያን ይህን ብልሃት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም።

ዛሬ የድምፅ ሞደም ከገበያ የጠፋ ያህል ነው፤ ጥበቡ ግን አልጠፋም። በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለትንሽ ኩባንያው የቴሌፎን ማዞሪያ መግዣ ገንዘብ ቢያጣ፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ራሱ ጽፎ ስሙን አስተሪስክ አለው። ፕሮግራሙንም ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። ዛሬ ይህ ፕሮግራም በእጅ መዳፍ በሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ ይሠራል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ ወጣት ገንዘብ ቢያጣ እጁን አጣጥፎ አለመቀመጡን ልብ በሉ።

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ ተናግሬ ብወርድ ግማሹን እውነት ደብቄ መሄዴ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የመብራት ነው። ተራው ባለ ሽቦ ቴሌፎን 48 ቮልት የሚያህል ኤሌክትሪክ ከማዞሪያ ጣቢያው በራሱ ሽቦ ስለሚመጣለት መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ኮምፒዩተሩ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ባትሪ የሌለው እልፍኝ አስከልካይ በጨለማ ጊዜ ተኝቶ የሚገኝ ዘበኛ ነው።

ሁለተኛው ችግር ኤ ቲ ኤንድ ቲ የፈራው ነው። የሰው ድምፅ የሰው ንብረት ነው። አንዲት እናት ስለ ልጅዋ ሕመም የተናገረችው ቃል የማንም መጫወቻ መሆን የለበትም። በቤት ኮምፒዩተር የተቀዳ መልእክት በዚያው ቤት ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ቁልፉም በባለቤቱ እጅ ነው። የዛሬው መልእክት ግን ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በሩቅ ባለ ኩባንያ ጎተራ ነው። በ2018 ጉግል ፒክስል በሚባለው ስልኩ ላይ፣ ጠሪውን «ማን ነህ? ለምን ደወልህ?» ብሎ የሚጠይቅና መልሱን በጽሑፍ ለባለቤቱ የሚያሳይ አሠራር አውጥቷል። እንግዲህ እልፍኝ አስከልካዩ መናገርም ጀምሯል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከፋው ችግር በመሣሪያው ሳይሆን በእኛ ላይ ያለ ነው። ሕዝባችን ፈጣሪውን ሲያመሰግን «የነገሩትን የማይረሳ፣ የለመኑትን የማይነሳ» ይላል። ሰው በእጁ የሠራው ይህ መሣሪያ ከዚህ አባባል የመጀመሪያውን ግማሽ ጥቂት ይመስላል፤ የነገሩትን አይረሳምና። ሁለተኛውን ግማሽ ግን ፈጽሞ አይችልም። የተቀዳው ቃል ካልተሰማ፣ ከተሰማም በኋላ መልስ ካልተሰጠው፣ ጠሪው ከቀድሞው ይልቅ ተጎድቷል። ስልኩ ሳይነሣ የቀረበት ሰው ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ «መልእክትዎን ይተዉ» የተባለ ሰው ግን ተስፋ አድርጎ ይቀመጣል። እልፍኝ አስከልካይም ባለጉዳይን ከደጅ እየመለሰ ጌታው የደኻውን ጩኸት እንዳይሰማ ያደረገበት ጊዜ ነበረ። ባለቤቱ ከሰው ለመሸሸግ የሚጠቀምበት ኮምፒዩተርም ያንኑ በደል ይሠራል።

ክቡር ዲሬክተራችን ሆይ፣ ስለዚህ አንድ ሐሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። የትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት ማታና በሰንበት ይዘጋል፤ የወላጅ ጭንቀት ግን የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ልጁ ታሞ መቅረቱን ሊያስታውቅ የሚፈልግ አባት አለ፤ ልጅዋ ከትምህርት ቤት በሰዓቱ ያልተመለሰችባት እናት አለች፤ ከገጠር ከተማ ወርዶ ስለ ምዝገባ የሚጠይቅ ዘመድ አለ። በኮምፒዩተር ክፍላችን ጥግ አርጅተው ከተቀመጡት ኮምፒዩተሮች አንዱን፣ ከቴሌፎኑ ሽቦ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያና አንድ ባትሪ ቢጨመርለት፣ አስፈላጊው ፈቃድም ከተጠየቀ በኋላ፣ የክፍላችን ልጆች በመምህራን መሪነት ለዚህ አገልግሎት ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ነገር ግን አራት ደንቦች ይኑሩት። አንደኛ፣ ሰላምታው የሚናገረው መሣሪያ መሆኑን፣ የጠሪው ድምፅ እንደሚቀዳና መቼ እንደሚሰማ በግልጽ ይናገር። ሁለተኛ፣ በየማለዳው መልእክቶቹን ሰምቶ በመዝገብ የሚጽፍና መልስ የሚሰጥ አንድ ኀላፊ ይመደብ። ሦስተኛ፣ ከተመደበው ሰው በቀር ማንም አያዳምጥ፤ ጉዳዩም ሲፈጸም ድምፁ ይደምሰስ። አራተኛ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ አንድ ቁልፍ ሲጫን ጥሪውን ወዲያው ወደ ሕያው ሰው የሚያሻግር መንገድ ይኑር። እነዚህ ደንቦች ሊጠበቁ የማይችሉ ከሆነ ግን መሣሪያው ባይተከል ይሻላል። ሐሰተኛ ተስፋ ከመስጠት ዝምታ ይበልጣልና።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እኛ በቅርቡ ከዚህ ደጅ ወጥተን ወደየሥራችን እንበተናለን። ከመካከላችን ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ የሚሆን ይኖራል፤ በየደጃችንም እንዲህ ያለ እልፍኝ አስከልካይ መቆሙ አይቀርም። ያን ጊዜ ጥሪውን መሣሪያ ቢቀበልልንም መልሱ የእኛ ዕዳ መሆኑን አንርሳ።

ወላጆቻችንንና መምህራኖቻችንን፣ ስንጠራችሁ ሳትሰለቹ ስላነሣችሁን እግዚአብሔር ያክብርልን። ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!