ያገለገለ ባለ ሦስት ረድፍ መኪና ከመግዛታችን በፊት

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)





ዛሬ እንድናገር የተጋበዝሁት ለቤተሰብ የሚሆን፣ ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው፣ ያገለገለ መኪና እንዴት እንደሚመረጥ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህ የሀብታም ወሬ ነው ይል ይሆናል። እኔ ግን አይመስለኝም። በእኛ አካባቢ መኪና የሚገዛው በማን ገንዘብ ነው? አንዷ እኅት ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት ስትለፋ ኖራ የላከችው አለበት። ወንድም በሬ ሸጦ ያዋጣው አለበት። አባት ለክፉ ቀን ያስቀመጠውም አለበት። የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ ቤት ላብ ነው። መኪናይቱ በስድስተኛው ወር ሞተር ካወረደች ያ ሁሉ ላብ ጋራዥ በር ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጉዳዩ የጌጥ ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ ገበያው ለምን እንዲህ እንደ ሆነ እንመልከት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድበት አደረገ። ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በስተቀር የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በዚህ ምክንያት በናፍጣና በቤንዚን የሚሄደው መኪና ያው አገር ውስጥ ያለው ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ያረጃል፤ ዋጋው ግን አይወርድም። እንግዲህ ደላላ መጥቶ «ይህች የናፍጣ መኪና ገና ትናንት ከዱባይ የገባች ናት» ቢላችሁ፣ ቀለሟን ማየት ትታችሁ ወረቀቷን ጠይቁ።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። ሰው ሲመጣ የሚጠይቀኝ «የትኛው ማርካ ይሻላል?» ብሎ ነው። ከማርካው በፊት ግን ሦስት ጥያቄ ይቀድማል። ማን ይቀመጥበታል? በየት መንገድ ይሄዳል? ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?

1ኛ፤ ማን ይቀመጥበታል? «ስምንት ሰው ይጭናል» የተባለ መኪና ሁሉ ስምንት ዐዋቂ ይጭናል ማለት አይደለም። በፕራዶና በፓጄሮ ሦስተኛው ረድፍ ለልጆች ይበቃል እንጂ ጉልበቱ ለሚያመው አባት አይሆንም። ደግሞም ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ የዕቃ ቦታ ይጠፋል። ታዲያ ዕቃው የት ይሄዳል? ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ሒሳቡን አብረን እናስላ፤ ስምንት ሰው እያንዳንዱ 65 ኪሎ ቢመዝን 520 ኪሎ ነው፤ አንድ ኩንታል ማሽላ ሲታከል 620 ይሆናል። ያ ኩንታል ከላይ ከሆነ መኪናው አናቱ ይከብዳል፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይም ለመገልበጥ ይቀርባል። ስለዚህ ሦስተኛውን ረድፍ ለሰው የሚፈልግ ቤተሰብ ከባዱን ዕቃ በሌላ መኪና መላክን መልመድ አለበት።

የኋላ መቀመጫው ጎንና ጎን ፊት ለፊት የሆነውን ረጅሙን ላንድክሩዘርም ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ይይዛል፤ እሱማ አይካድም። ነገር ግን በጎን የተቀመጠ ሰው መኪናው ድንገት ሲቆም የሚደግፈው ነገር የለም። ቀበቶውም በብዙዎቹ ላይ ወልቆ ጠፍቷል። ልጆችን በዚያ ላይ አስቀምጦ ረጅም መንገድ መሄድ አይመከርም። የገዛ ሰው ካለም ከሁሉ በፊት ቀበቶ ያስገጥምበት።

2ኛ፤ በየት መንገድ ይሄዳል? የእኛን መንገድ ልብ በሉ። ጨፋ በ1,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ ያለ ሞቃት ሜዳ ነው። ወደ ሰሜን በከሚሴ፣ በሐርቡና በኮምቦልቻ አልፎ ደሴ ሲወጣ 2,500 ሜትር ያህል ይደርሳል። ወደ ደቡብ ደግሞ ሸዋ ሮቢትን አልፎ በደብረ ሲና በኩል ጣርማ በር ሲወጣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንስበታል። ሜዳ ላይ እንደ ፈረስ የሚጋልብ መኪና ጣርማ በር ላይ ቢያቃስት አትደነቁ። መውጣቱ ራዲያተርን ይፈትናል፤ መውረዱ ፍሬንን ይፈትናል። ራዲያተሩ የተደፈነ ወይም የፍሬን ሸራው ያለቀ መኪና ሰፈር ውስጥ ሲዞር ጤነኛ ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው ቁልቁለቱ ላይ ነው።

ከዋናው አስፋልት ወረድ ሲባል ደግሞ መረሬው አለ። በክረምት የጨፋ ጥቁር አፈር ጎማ ይውጣል፤ ቦርከናም ሲሞላ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል። ቤቱ ከመንገድ ዳር የሆነ፣ ከከሚሴና ከደሴ በቀር የትም የማይሄድ ቤተሰብ አራቱም ጎማ የሚገፋ መኪና አያስፈልገውም። ለዚያ ቤተሰብ ደህና የተያዘ ሃያስ ሚኒባስ ብዙ ሰው ይይዛል፤ መለዋወጫውም በየቦታው አለ። ዘመዱ ገጠር የሆነና በክረምት በሽተኛ ከመረሬ ውስጥ ማውጣት ያለበት ግን ሙሉ ትራክሽን ያለው መኪና ያስፈልገዋል። አንዱ የገዛውን አይቶ ሌላው ቢገዛ ሁለቱም አይጠቀሙም።

3ኛ፤ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል? ለእኛ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። ቶዮታ በአገራችን የበዛው ሌላው መኪና ሁሉ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። መለዋወጫውም የሚያውቀው መካኒክም ከእኛ ቅርብ ስለሚገኝ ነው። ቶዮታ ውስጥም ቢሆን ሞተሩ ከሞተር ይለያል።

በላንድክሩዘር ላይ የሚገኘው 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቱርቦም ኮምፒዩተርም የለውም። ቀርፋፋ ነው፤ ናፍጣም ይወዳል። ነገር ግን ቁልፍ የያዘ ጎበዝ መካኒክ መንገድ ዳር ይሠራዋል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፤ የዚህ ሞተር ታይሚንግ በሰንሰለት ሳይሆን በቀበቶ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ አለበት። ሻጩ መቼ እንደ ተለወጠ ካላወቀ «አልተለወጠም» ብላችሁ አስቡና ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 የተሠራው ፕራዶ ብዙ ጊዜ 1ኬዜድ የሚባለውን 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ ይይዛል። ጉልበቱ ደህና ነው፤ ግለት ግን አይችልም። አንድ ጊዜ ውሃ ጨርሶ ከጋለ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ከእሱ ቀጥሎ እስከ 2009 በተሠራው ፕራዶ ላይ የመጣው ዲፎርዲ የሚባለው ሞተር ደግሞ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚረጭ ስለሆነ ንጹሕ ናፍጣ ይፈልጋል። መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጥ፣ ውሃና ደለል የገባበት ናፍጣ ኢንጀክተሩን ይገድለዋል። የአራት ኢንጀክተር ዋጋ ደግሞ ቀላል አይደለም። ፕራዶ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ፕራዶ የሚገዛ ሰው ማደያ መርጦ የሚቀዳና የናፍጣ ፊልትሮውን ሳያዘገይ የሚለውጥ መሆን አለበት ማለቴ ነው።

ኒሳን ፓትሮል ባለ 4.2 ሊትሩ ናፍጣ ጠንካራ መኪና ነው። ሚትሱቢሺ ፓጄሮም ሰባት ሰው ይይዛል፤ ይመቻልም። የእነዚህን መለዋወጫ ግን ከመግዛታችሁ በፊት ኮምቦልቻና ደሴ ሄዳችሁ ጠይቁ። የውሃ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የፊት ኩሽኔታ፤ ሦስቱን በስም ጠይቁ። «ከአዲስ አበባ እናስመጣለን» ከተባላችሁ መኪናይቱ በዓመት ስንት ቀን እንደምትቆም ከወዲሁ ገምቱ።

የኤሌክትሪኩስ? የሚል ጥያቄ ከወጣቶቹ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ 6 ያሉ ባለ ሦስት ረድፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች ታይተዋል። የነዳጅ ሰልፍ የላቸውም፤ የሞተር ዘይትም አይፈልጉም። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገቱም ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረግበትን ቦታ አንድ በአንድ ሳይቆጥሩ፣ ባትሪውን በመሣሪያ ሳያስለኩ መግዛት አይገባም። ሆዱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለመረሬ አልተሠራም።

አሁን ስለ ምርመራ ልናገር። መኪና ለማየት ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፤ ሞተሩ ሳይሞቅ። ሻጩ አስነሥቶ ከጠበቃችሁ አጥፋው በሉና ሻይ ጠጡ፤ ሲቀዘቅዝ ተመለሱ። ቀዝቃዛ ሞተር የማይደብቀውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል። ሲነሣ ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በቅጡ አልተቃጠለም ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ከዚያም ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይቱ ክዳን ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር ካለ ዘይትና ውሃ ተገናኝተዋል። ራዲያተሩን በቀዝቃዛው ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሡ፤ ውሃው ያለማቋረጥ ከተንፈቀፈቀ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተበልቷል። የሞቀ ራዲያተር ግን አደራ አትክፈቱ፤ ፊት ያቃጥላል።

ከሥር ተኝታችሁ ሻንሲውን እዩ። አዲስ ቀለም ከሥር የተቀባ መኪና ዝገት ወይም ብየዳ ደብቆ ይሆናል። የዲፈረንሻሉ ዘይት ነጥቶ ከወጣ መኪናይቱ ውሃ ውስጥ ገብታ ነበር። ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ፤ 3221 ቢል እ.ኤ.አ. በ2021 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ያረጀ ጎማ በጨፋ ሙቀትና በሙሉ ጭነት ይፈነዳል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አትመኑ፤ ይመለሳል። የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሾፌሩን ወንበር እመኑ። «80,000 ብቻ ሄዳለች» የተባለች መኪና የፍሪሲዮን ፔዳሏ እንደ ጠጠር ከላሰለሰ ቁጥሩ ሐሰት ነው።

በመጨረሻም ቤተሰቡን ይዛችሁ ሦስቱንም ረድፍ ሞልታችሁ ዳገት አስወጧት። ባዶ መኪና ሜዳ ላይ መንዳት ፈተና አይባልም።

ስለ ወረቀቱም ጥቂት ልጨምር። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። በብዙ የቶዮታ መኪኖች የሻንሲው ቁጥር በፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ ሻንሲው ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ ጭቃውን ጠርጋችሁ አንብቡት። መኪናይቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለባት የተመዘገበችበት መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ። ከቀረጥ ነፃ የገባች ከሆነች ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ቦሎዋን እዩ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ መሆኑን አትርሱ። «ውክልና ስጠኝና ስሙን በኋላ እናዛውራለን» የሚል ነገር አትቀበሉ፤ ሻጩ ቢሞት ወይም ቢጣላችሁ ከወራሽ ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ይመጣል። በብዙ ሰው መዋጮ የምትገዛ ከሆነም ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን፣ ጥገናውን ማን እንደሚችል ሽማግሌ ባለበት በጽሑፍ ይሁን። ጅዳ ያለችው እኅት ስሟ ከዚያ ወረቀት ላይ አይጥፋ፤ ብሩን የላከችው እሷ ናትና።

አንድ የገንዘብ ምክር ልስጥና ላብቃ። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናይቱ አትስጡ። ከአምስት እጅ አንዱን እጅ አስቀሩ። በዚያ ገንዘብ በመጀመሪያው ወር ዘይቶቹን በሙሉ፣ ፊልትሮዎቹን፣ ቀበቶዎቹን፣ የራዲያተር ጎማዎቹን፣ የፍሬን ሸራውንና ጎማዎቹን ታሳድሳላችሁ። ገንዘቡ ለፕራዶ በቅቶ ለዚህ ካልተረፈ፣ ለእናንተ የሚበቃው ፕራዶ ሳይሆን ከእሱ ዝቅ ያለው ነው። ጎረቤት ምን ይላል የሚለውን ተዉት፤ ጎረቤት የቴስታታ ዋጋ አይከፍልም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ደላላ «ዛሬ ካልወሰድክ ነገ ሌላ ይወስዳታል» ሲል ትወሰድ በሉት። የምታጣድፍ መኪና ቀርታባችሁ የከሰራችሁት ነገር የለም። ማታ ድንገት ምጥ የያዛትን እናት ከዚህ ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ማድረስ የሚያስፈልግበት ቀን ይመጣል። በዚያ ሰዓት መኪናይቱ ፕራዶ ናት ወይስ ላንድክሩዘር ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ትነሣለች ወይ? ትደርሳለች ወይ? ይባላል እንጂ። ምርጫችሁን በዚያ ጥያቄ መዝኑት።