ከፓምፑ በፊት አፈሩን እንወቅ
በነገሌ ቦረና ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮችና ለካህናት የቀረበ ገለጻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው የቆላው ሕዝብ ከብቱን እንዳጣ ሁላችንም አይተናል። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወርዶ ጎርፍ አስከተለ። ከዚያ ወዲህ ከየሰበካው የሚቀርብልን ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ነው፤ በወንዝ ዳር መሬት አግኝተን፣ ፓምፕ ገዝተን፣ አትክልት እናልማ የሚል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከምእመናን የተሰበሰበው ገንዘብ ለፓምፕ ከመዋሉ በፊት ፓምፑ የሚያጠጣውን አፈር መመርመር ይገባል። በወንጌል የዘሪውን ምሳሌ ስናስተምር ዘሩ አንድ፣ የወደቀበት መሬት ግን አራት ዓይነት እንደሆነ እንናገራለን፤ ይህን ማስተዋል በእርሻችንም ላይ ልንይዘው ያስፈልጋል።

ገናሌና ዳዋ ከደጋው ተነሥተው፣ ቆላውን አቋርጠው፣ በዶሎ አካባቢ ከዌብ ውኃ ጋር ተገናኝተው የጁባን ወንዝ ይፈጥራሉ። ወንዝ ሞልቶ ከአፋፉ ሲወጣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከባዱን አሸዋ በዳርቻው ይጥላል፤ ቀላሉን ደቃቅ ደለልና ሸክላ ወደ ሜዳው ርቆ ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ከውኃው አጠገብ አሸዋማ አፈር፣ ጥቂት መቶ እርምጃ ራቅ ሲል ደግሞ እንደ ዋልካ የከበደ አፈር ሊገኝ ይችላል። ጎርፉም አንድ ዓመት ብርቱ፣ ሌላ ዓመት ደካማ ስለሚሆን፣ ጉድጓድ ሲቆፈር አሸዋና ደለል ተነባብረው ይታያሉ።

የግብርና ባለሙያዎች ‹‹ሳንዲ ሎም›› የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር አሸዋማ ለም አፈር የምንለው፣ ከግማሽ እስከ 70 በመቶ ገደማ አሸዋ፣ ከ20 በመቶ ያነሰ ሸክላ፣ የቀረው ደቃቅ ደለል የሆነ አፈር ነው። ለዶማም ለበሬም አይከብድም። ዝናብ ከጣለ በኋላ ፈጥኖ ይታረሳል፤ ውኃ አያቁርም፤ ሥርም በቀላሉ ይዘልቀዋል። ለሽንኩርት፣ ለካሮት፣ ለቲማቲምና ለሐብሐብ የተመቸ ነው። ሆኖም ውኃን ፈጥኖ የሚያሳልፍ አፈር ውኃን ለረጅም ጊዜ አያቆይም፤ የተጨመረለት ማዳበሪያም ከውኃው ጋር ወደ ታች ይወርዳል።

ይህን በቁጥር እንመልከት። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋማ ለም አፈር ተክል ሊጠቀምበት የሚችል ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይይዛል፤ የሸክላ አፈር ግን ከ175 ሚሊ ሜትር በላይ ሊይዝ ይችላል። ሽንኩርት አብዛኛውን ሥሩን የሚሰድደው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ እንግዲህ የሚያገኘው ወደ 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ ሲሶው፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትሩ ካለቀ፣ ተክሉ መጎዳት ይጀምራል። በቆላው ሐሩር በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚጠፋ፣ ይህ ውኃ ከሁለት ቀን አያልፍም።

በሩብ ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ማጠጣት 25 ሺህ ሊትር፣ ይኸውም 125 በርሜል ውኃ ይጠይቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን ፓምፑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አስነሥተን ብዙ ብናፈስ፣ አፈሩ ሊይዝ ከሚችለው በላይ የፈሰሰው ከሥሩ በታች ይሰርጋል፤ ሽንኩርቱም ሳምንቱ ሳያልቅ ይጠማል። ለእንዲህ ያለ አፈር የሚስማማው ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው። ቦዩም አጭር ይሁን፤ ይህ አፈር በሰዓት ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስለሚመጥ፣ በረጅም የአፈር ቦይ የሚሄድ ውኃ ከማሳው ጫፍ ሳይደርስ ያልቃል።

ፍግ የአፈሩን ጉድለት በብዙ ይጠግናል፤ የቆላው አርብቶ አደር በረትም ፍግ አለው። በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ሲዋሐድ ውኃንም ምግብንም ይቋጥራል፤ በላዩ የሣር ጉዝጓዝ ቢነጠፍበት ትነቱ ይቀንሳል። በገናሌ ዳርቻ ላሉት ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ በ2012 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ግድብ ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ደለል በሆዱ ያስቀራል። ስለዚህ ጎርፍ በየጊዜው የሚያድሰው ለምነት እንደ ቀድሞው ይመጣል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አፈሩ ልል በመሆኑ አፋፉ በቀላሉ ይናዳል። ስለዚህ በወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች አንቁረጥ፤ እርሻውንም እስከ ውኃው ጠርዝ አናድርስ። ደግሞም ዳርቻው በበጋ የከብቶች ግጦሽና ውኃ መጠጫ ነው። ስሙ ራሱ መልካ የሆነውን በዳዋ ላይ ያለውን መልካ ጉባን አስቡ፤ መልካ ከብት ወርዶ የሚጠጣበት፣ መንገደኛ የሚሻገርበት ስፍራ ነው። መልካን የሚዘጋ አጥር ከጎረቤት ጋር ያጣላል። በዶሎ አዶ አካባቢ በገናሌ ዳር ስደተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች በማኅበር ሆነው በመስኖ ማልማታቸው፣ መሬትና ውኃ በስምምነት መካፈል እንደሚቻል ያሳያል።

አፈሩን ለመለየት ላቦራቶሪ እስኪገኝ መጠበቅ አያሻም። ከማሳው ሦስት ቦታዎች፣ ከላዩና ከግማሽ ሜትር ጥልቀት፣ አፈር ይወሰድ። እያንዳንዱ በየራሱ ጠርሙስ ሲሶ ያህል ይሞላ፤ ውኃና ጥቂት የሳሙና ዱቄት ተጨምሮ በብርቱ ይናወጥ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚዘቅጠው አሸዋ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጀው ደቃቅ ደለል ነው፤ ሸክላው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይቆያል። የንብርብሮቹ ውፍረት በማስመሪያ ቢለካ ድርሻቸው ይታወቃል። እርጥብ አፈርን በእጅ አድቦልቡሎ መሞከርም ይቻላል፤ አሸዋማ ለም ከሆነ ይድቦለቦላል፣ ጥቂት ሲጫኑት ግን ይፈርሳል።

ስለዚህ የፓምፕ ጥያቄ የምታቀርቡ ሰበካ ጉባኤያት ከማመልከቻችሁ ጋር አራት ነገሮችን እንድታያይዙ በአክብሮት እንጠይቃለን፦ የጠርሙሶቹን ልኬት፤ ነዳጁን በየሁለት ቀኑ ማን እንደሚሸፍን፤ ፍጉ ከየት እንደሚመጣ፤ ስለ መልካው ከአካባቢው የአገር ሽማግሌዎች ጋር የተደረሰውን ስምምነት። አፈሩ ከባድ ሆኖ ቢገኝ ጥያቄው ውድቅ አይሆንም፤ የሰብሉ ዓይነትና የማጠጫው መርሐ ግብር ይለወጣል እንጂ። ጠርሙሶቹን ሳታናውጡ ብታመጡልን ንብርብሮቹን አብረን እንለካለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።