የሩሌቱ ዕጣና የእቁባችን ዕጣ

እህቶቼ፣ የዕረፍት ቀናችሁ ስለሆነ ብዙ አላቆያችሁም። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

ቤይሩት ስመጣ ካዚኖ የሀብታም ቦታ ይመስለኝ ነበር። ጁኒየ አጠገብ ያለውን፣ በፈረንጆች 1959 የተከፈተውን ካዚኖ ዱ ሊባንን ያየሁት በመኪና ሳልፍ ብቻ ነው። አሁን ግን ካዚኖ ስልካችን ውስጥ ገብቷል። ማታ ማዳም ስትተኛ እከፍተዋለሁ፤ አንዲት ቆንጆ ልጅ በቀጥታ ስርጭት ሩሌት እያሽከረከረች በስሜ ሰላም ትለኛለች። ቀኑን ሙሉ «ያ ቢንት» ሲባል ለሚውል ሰው ስሙን መስማት ደስ ይላል።

ዶራ ያገኘኋት ልጅ «ዘዴ አለው» አለችኝ። ቀይ ላይ 1 ዶላር ታስይዣለሽ። ከተበላሽ 2፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 8። አንዴ ሲወጣልሽ የተበላሽውን ሁሉ መልሶ 1 ዶላር ይጨምርልሻል። ማርቲንጌል ይባላል። ሁለት ሳምንት ሠራልኝ። ከዚያ አንድ ማታ ጥቁር 7 ጊዜ ተከታትሎ ወጣ። ደምሩት፤ 127 ዶላር ነው። ስምንተኛው 128 ይጠይቃል። ደመወዜ 200 ነበር፤ በእጄ የቀረው 73።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር። «ማዳም አልከፈለችኝም» አልኳት። ማዳም ግን ከፍላኝ ነበር። ከመካከላችን በእውነት ያልተከፈላት ስንት አለች! እኔ የእሷን እንባ ለውሸቴ ተበደርኩት።

ቆይቼ ሒሳቡን ተቀምጬ ሠራሁት። ሩሌቱ ላይ 37 ቁጥር አለ፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 1 አረንጓዴ ዜሮ። ዜሮ ሲወጣ ቀይ የያዘም ጥቁር የያዘም ይበላል። ስለዚህ ከሚያዘው 37 ዶላር በአማካይ 1 ዶላር ለካዚኖው ይቀራል። 7 ጊዜ ተከታትሎ መበላት ከ106 ሙከራ 1 ጊዜ ያህል ይደርሳል። 105 ጊዜ አንድ አንድ ዶላር ትለቅሚያለሽ፤ በአንዱ 127 ትሰጫለሽ።

ሌሎቹስ ዘዴዎች? ፊቦናቺ በሚሉት 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 እያልሽ ትወጫለሽ፤ 7 ጊዜ ስትበዪ 33 ዶላር ይሄዳል። ዳላምበር በሚሉት በየመበላቱ 1 ትጨምሪያለሽ፤ 28 ይሄዳል። ቀስ ብለው ይበላሉ፤ ግን አንድ ማሸነፍ የሄደውን አይመልስም። ፓሮሊ ደግሞ ስታሸንፊ ነው የሚያስጨምርሽ፤ ሦስቴ ከተከታተለልሽ 7 ታተርፊያለሽ። እሱን እስክታገኚ ግን በአማካይ ወደ 8 ዶላር የሚጠጋ ይሄዳል። ዘዴው የሚለውጠው የምንበላበትን ፍጥነት ነው። ዜሮዋን የሚያነሳ ዘዴ የለም።

«ጥቁር በዝቷል፣ አሁን ቀይ ነው» አትበሉ። ኳሷ የቀድሞውን አታስታውስም። በ1913 ሞንቴ ካርሎ ካዚኖ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ወጥቷል። ቀይ የጠበቁት ባዶ እጃቸውን ወጡ።

እኛ ከድሮም ዕጣ እናውቃለን፤ እቁብ አለን። 10 ሆነን በወር 50 ብንጥል 500 ይሆናል። ዕጣው የሚወስነው ማን ቀድማ እንደምትወስድ ነው እንጂ ማን እንደምትከስር አይደለም። የመጨረሻዋም 500ዋን ታገኛለች። እቁባችን ዜሮ የለውም።

በዚህ የተያዘች እህት ካለች አልፈርድባትም። ዛሬውኑ ከስልክሽ አጥፊው። የተበላውን ለማስመለስ ብለሽ አትበደሪ። ደመወዝሽን በተቀበልሽ ቀን ላኪው ወይም እቁብ ጣዪው። ለአንዲት የምታምኛት ሰው ንገሪ።

እኔ ለእናቴ እውነቱን የነገርኳት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘቡ አልነበረም፤ «አንቺስ ደህና ነሽ?» ነው ያለችኝ።