እግሩ የያዘው ጫጩት ሁሉ በቫይታሚን አይድንም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




ጅማ ላይ ስለ ግብርና ሲነሳ ቅድሚያውን የሚወስደው ቡና ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ የቡና ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከክረምቱ መግቢያ እስከ ለቀማ ድረስ ባሉት ወራት የጨውን፣ የሳሙናንና የደብተርን ወጪ በብዙ ቤት የምትሸፍነው ዶሮ ናት። ከቦሳ አዲስ እስከ አጋሮና ሰርቦ ድረስ ሴቶችና ወጣቶች የተሻሻለ ዝርያ ጫጩት በብድር ጭምር እየወሰዱ በሚያረቡበት በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ዶሮ የጓሮ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ጫጩቱ ቢሞትም ብድሩ አይሞትም።

ጫጩት በገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ «እግራቸው አልሄድ አለ» የሚል ነው። በዚህን ጊዜ አንዱ ወገን በሽታ ገባ ብሎ ሊድን የሚችለውን ጫጩት አውጥቶ ይጥላል። ሌላው ደግሞ በእርግጥ በሽታ ገብቶ ሳለ «ቫይታሚን አንሷቸው ነው» ብሎ ዱቄት በውኃ ሲበጠብጥ ቀናት ያልፋሉ፤ አንዳንዱም ሳይሞቱ ልሽጣቸው ብሎ ገበያ ያወጣቸዋል። ይህ ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው እጅግ የከፋ ነው፤ ጦሱ ለመንደሩ ሁሉ ይተርፋልና።

በመሆኑም ከሁሉ በፊት የጫጩቱን ጣት ማየት ያስፈልጋል። ጣቶቹ እንደ ጡጫ ወደ ውስጥ ተጨብጠው፣ ከጣቶቹ በላይ ባለው መጋጠሚያ ላይ ተቀምጦ የሚንፏቀቅ፣ ነገር ግን ዓይኑ ንቁ የሆነና መኖ ሲቀርብለት ለመብላት የሚጣጣር ከሆነ በአብዛኛው ያነሰው ቫይታሚን ቢ2 ነው። ጉድለቱ የእግሩን ጅማት ነርቭ ይጎዳል። በጊዜ ከተደረሰበት በውኃ የሚበጠበጥ የቫይታሚን ዱቄት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝቶ በመመሪያው መሠረት መስጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ያመጣል። ብጥብጡ በየቀኑ መለወጥና ከፀሐይ መራቅ አለበት፤ ይህ ቫይታሚን በብርሃን ይጠፋልና። ተጨብጦ የሰነበተ ጣት ግን መልሶ አይዘረጋም። የታመመው ጫጩት ጤነኞቹ እንዳይረግጡት ለብቻው ተለይቶ ውኃና መኖ አፉ ሥር ሊደርስለት ይገባል። በየቤቱ የሚደፋው አጓትም ይህ ቫይታሚን አለው፤ አረንጓዴ ቢጫ መልኩ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ቫይታሚን የሚባለው ነገር እንዲታወቅ መንገድ ከከፈቱት አንዷ ራሷ ዶሮ መሆኗን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ አይክማን የተባለ የሆላንድ ሐኪም የሚያረባቸው ዶሮዎች እግራቸው ሰነፈ። ምክንያቱን ሲፈልግ በድንገት ዳኑ። ለካስ ዶሮዎቹ ከወታደር ሆስፒታል ማድ ቤት የተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ቆይተው፣ አዲስ የመጣው ወጥ ቤት የወታደሩን ሩዝ ለዶሮ አልሰጥም በማለቱ ወደ ያልተፈተገው ተመልሰው ኖሯል። ሐኪሙ በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። የዚያ ሩዝ ጉድለት ቢ1 ነበር፤ የእኛ አካባቢ ነገር ደግሞ በቆሎ ነው። ጅማ ዙሪያ በስፋት የሚዘራው ነጭ በቆሎ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን የቫይታሚን ኤ መነሻ የለውም፣ ቢ2 እና ካልሲየሙም አነስተኛ ነው። ጫጩትን በተፈጨ በቆሎ ብቻ ማሳደግ የአይክማንን ዶሮዎች ታሪክ መድገም ነው። ፋጉሎ፣ ፉርሽካ፣ የተከተፈ ጎመን ወይም አልፋልፋ ሊጨመርበት ይገባል። የሻገተ ወይም ቅባቱ የሸተተ ፋጉሎ ግን አይሰጥም።

ሁለተኛው ምክንያት ጨለማ ነው። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ገባ ወጣ ሲል ከርሞ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ብርድ በመፍራት ጫጩቶቹ ከቤት ጥግ ወይም ከሳጥን ሳይወጡ ይሰነብታሉ። ፀሐይ ያላገኘ ጫጩት፣ መኖው ውስጥ ካልተጨመረለት በስተቀር፣ ቫይታሚን ዲ አያገኝም። ካልሲየምና ፎስፈረስም ቢበላ አጥንቱ አይጠነክርም፤ እግሩ ይጎብጣል፣ መንቁሩ ሲጫኑት እንደ ጎማ ይለጠጣል። መድኃኒቱ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ደመናው ገለጥ ባለ ቁጥር በሽቦ በታጠረ ቦታ ግማሽ ሰዓት ያህል ማውጣት። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች የሠሩበት፣ ያለ መብራት በጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት የሚሠራው ባለ ድርቆሽ ሳጥን ለገጠር ቤት ተስማሚ ነው፤ ሆኖም ከፊቱ መውጫ ግቢ ሊኖረው የግድ ነው። አጥንት ይጠንክር ተብሎ የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት መስጠት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። በውስጡ ያለው ካልሲየም ጫጩት ከሚፈልገው በሦስት እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ ኩላሊቱን ይጎዳል።

በሚያንሸራትት ላስቲክ ወይም ጋዜጣ ላይ የዋለ ጫጩት እግሩ ግራና ቀኝ ይበረገዳል። ይህ የወለል እንጂ የቫይታሚን ጉዳይ አይደለም።

አሁን ቫይታሚን ወደማያድነው እንምጣ። አንገቱ የሚጠመዘዝ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጠው፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ በተለይም ጫጩቱም እናቲቱም በአንድ ሰሞን የሚሞቱ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ፈንግል ነው። አንዱን እግር ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚወድቅ፣ ዕድሜውም ከስድስት ሳምንት ያለፈ ከሆነ ደግሞ ማሬክስ የሚባለው በሽታ ይጠረጠራል። ሁለቱም በክትባት እንጂ በመድኃኒት አይመለሱም። የማሬክስ ክትባት የሚሰጠው በተፈለፈለበት ቀን በመፈልፈያው ስለሆነ ጫጩት ሲገዛ «ተከትቧል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የገዢው መብት ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ዶሮ ከግቢ ሳይወጣ፣ የሞተውም ተቀብሮ፣ በዚያው ቀን ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ማመልከት ያስፈልጋል። ከሰው መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን ገዝቶ መበጥበጥ ሁለቱንም በሽታዎች አያድንም፤ ካልሲየም ላነሰውም ቢሆን ካልሲየሙን እያሰረ ያባብሳል።

እዚህ ላይ ኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያስፈልግበት ምክንያት በግልጽ ይታያል። በአንድ ኩንታል መኖ ውስጥ የሚገባው የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። ሃያ ጫጩት ያላት አንዲት እናት ሙሉ ከረጢት ገዝታ ብታስቀምጥ ሙቀትና እርጥበት ያበላሽባታል፤ ዩኒየኑ ግን በጅምላ አምጥቶ፣ በመኖው ላይ አቀላቅሎ፣ የተዘጋጀበትን ቀን ጽፎ በየማኅበሩ ሊያከፋፍል ይችላል። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚያመርተው የፈንግል ክትባትም በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ለነገ የማይተርፍ ስለሆነ ጎረቤት ከጎረቤት በአንድ ቀን ካልተጠራራ አብዛኛው ይደፋል።

የሚቀጥለው ዙር ጫጩት ለአባላት ከመታደሉ በፊት ለእያንዳንዱ ማኅበር የሚከተቡበት ቀን ተቆርጦ ከብድር ውሉ ጋር እንዲያያዝ፣ መኖውም ከጫጩቱ ቀድሞ መጋዘን እንዲገባ ቢደረግ፣ ዩኒየኑም ሆነ የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ባላቸው ሠራተኛ ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ነው።