ሳይዘጋ የቀረ ደጃፍ፦ ከኢንተርኔት ጋር ስለ ተያያዙ ካሜራዎች አጠባበቅ የተደረገ ንግግር



እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ቡና መኖሩን ከወንበራቸው ሳይነሡ ለማወቅ ሲሉ በማፍያው ፊት ለፊት ካሜራ ተከሉ። በ1993 ምስሉ በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆነ። ይታይ የነበረው የቡና ማፍያ ብቻ ስለ ነበር ማንም አልተጎዳበትም። ዛሬ ግን ይኸው ዓይን በሱቅ፣ በክሊኒክና በሕፃናት መኝታ ላይ ተተክሏል፤ ሳይታወቅ ክፍት ሆኖ ሲቀር የሚገለጠው የሰው ገመና ነው።

ለዚህ ግልጽ ማስረጃ የሚሆነው በአሜሪካ የደረሰው ነገር ነው። ትሬንድኔት የተባለው ኩባንያ ካሜራዎቹን አስተማማኝ ናቸው እያለ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ግን ወደ 700 የሚጠጉ ካሜራዎች የሚያስተላልፉት ምስል አድራሻ በኢንተርኔት ተበተነ፤ የተኙ ሕፃናትና የሚጫወቱ ልጆች ለባዕድ ዓይን ተጋለጡ። መንሥኤው በሶፍትዌሩ ውስጥ የነበረ ጉድለት ሲሆን፣ የይለፍ ቃል ያዘጋጁ ባለቤቶች እንኳ ከመታየት አልዳኑም። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ጉዳዩን በስምምነት ሲቋጭ፣ የኩባንያው የደኅንነት አሠራር ለ20 ዓመታት በየሁለት ዓመቱ በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር ወሰነ።

ይህ የአምራቹ ጥፋት ነበር። ይሁን እንጂ ብዙው መጋለጥ የሚመጣው ካሜራው በሚተከልበት ዕለት ሳይሠራ ከሚቀር ትንሽ ነገር ነው። በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ፋብሪካዎች የሚሰጧቸውን 60 ያህል የታወቁ የተጠቃሚ ስሞችና የይለፍ ቃሎች ብቻ እየሞከረ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን ማረከ፤ በጥቅምት 21 ቀንም በእነዚሁ መሣሪያዎች በተፈጸመ ጥቃት ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶች ለሰዓታት ተቋረጡ። ለጥበቃ የተተከለው መሣሪያ የአጥቂ መሣሪያ ሆነ ማለት ነው።

የአደጋው መንገድ ስውር አይደለም። ራውተር በተለመደው አሠራሩ ከውጭ የሚመጣን ጥሪ ይከለክላል፤ ነገር ግን አንዳንድ ካሜራዎች ዩፒኤንፒ በሚባለው ሥርዓት አማካይነት ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ ራውተሩን በር ያስከፍቱታል። «አድራሻዬን ማን ያውቃል?» ማለትም አያዋጣም። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው ሾዳን ከኢንተርኔት ጋር የተያያዙ መሣሪያዎችን እየፈለገ ይመዘግባልና።

ስለሆነም ባለሙያው ሥራውን ከማስረከቡ በፊት ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት አሉ። በመጀመሪያ፣ የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ለሌላ መሣሪያ ባልዋለ ረጅም ቃል ይተካል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ዩፒኤንፒን ያጠፋል፤ በራውተሩ ላይ የተከፈቱትን በሮች ይዘጋል፤ ባለቤቱ ከሩቅ ማየት ቢፈልግ ቪፒኤን ያዘጋጅለታል። በሦስተኛ ደረጃ፣ ሶፍትዌሩን ያድሳል፤ አምራቹ ማደስ ያቆመለትን ካሜራ ከኢንተርኔት ያላቅቃል። በአራተኛ ደረጃ፣ ካሜራዎቹን ከቢሮው ኮምፒዩተሮች በተለየ መረብ ላይ ያኖራል። በመጨረሻም ከግቢው ውጭ ሆኖ፣ በሞባይል ኢንተርኔት የዚያኑ ግቢ አድራሻ ይሞክራል፤ ምስሉ የይለፍ ቃል ሳይጠየቅ ከታየ ሥራው አልተፈጸመም።

ሕግም ወደዚሁ እያዘነበለ ነው። ለሁሉም መሣሪያ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል መስጠት በካሊፎርኒያ ከጥር 2020፣ በብሪታንያም ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ተከልክሏል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ይሁንና ሕግ በአመዛኙ የሚደርሰው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። የታየው ገመና ተመልሶ አይሸፈንም፤ የተቀዳውም ምስል አይሰበሰብም።

ካሜራ የሚያስተክል ሰው ገንዘቡን የሚከፍለው ለመስታወቱና ለሽቦው አይደለም፤ ተኝቶ ለማደር ነው። በካሜራው ፊት የሚያልፈው ሠራተኛ፣ ታማሚና ሕፃን ደግሞ አልተጠየቀም፤ የይለፍ ቃሉን ሊለውጥ፣ በሩንም ሊዘጋ አይችልም። የእርሱን መብት በእጁ የያዘው መሰላል ላይ የቆመው ባለሙያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውም ለዚያች ሰዓት ነው።