ቱቦው ተከፍቶ ደረት ለምን ያማል?



እንደምታስታውሱት ሁሉ እኛ ሦስት ጡረተኞች በየተራ የልብ ሕመም ሲይዘን ዕድሩ ከደንቡ ውጪ አዋጥቶ አሳክሞናል። ለቀብራችን የተቀመጠው ገንዘብ ለመዳናችን ዋለ። በጠበበው የልባችን የደም ሥር ውስጥ ስቴንት የሚሉት፣ በሽቦ የተሠራ ወንፊት የመሰለ ቱቦ ገባልን። እናንተም እንኳን ማራችሁ ብላችሁ ጠየቃችሁን።

ታዲያ ዛሬ የምንናገረው አፍረን የደበቅነውን ነው። ከወራት በኋላም ዳገት ስንወጣ፣ የጧት ብርድ ሲመታን፣ ስንበሳጭም ደረታችንን ጭምቅ ያደርገን ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ አስወጥቶ «አሁንም ያመናል» ማለት ውለታ መብላት መሰለንና ዝም አልን። አንዳችንማ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ራጁ ንጹሕ ነው፣ ቱቦው ክፍት ነው፣ ሐሳብ ነው የያዘህ» ተብሎ ሲመለስ፣ የገዛ ቤተሰቡ ሰበበኛ አለው። እሱም ተናዶ መድኃኒቱን ሁሉ ተወው። ልጁ ባትደርስበት ኖሮ ዕድሩ ድንኳኑን ሊተክል ነበር።

በኋላ ሌላ ሐኪም በትዕግሥት አስረዱን፤ እኛም መዝገብ ቤት እንደለመድነው ጻፍነው።

የደም ሥር እንደ ውሃ ቧንቧ ደረቅ ብረት አይደለም። በውስጡ እንደ ካፖርት ገበር ያለ ስስ ሽፋን አለው፤ ውፍረቱ የአንድ ሕዋስ ያህል ብቻ ነው። ይኸ ገበር ሥራ ፈት አይምሰላችሁ። ልብ ብዙ ደም ሲፈልግ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ያመነጭና የደም ሥሩን ላላ በል ይለዋል። ሮበርት ፈርችጎት የሚባሉ አሜሪካዊ ሊቅ በ1980 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከጥንቸል የተወሰደ የደም ሥር መድኃኒት ሲነካው የሚላላው ገበሩ ያልተፋቀ እንደሆነ ብቻ መሆኑን አሳዩ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ለጥንቸሏ ምንም አልተሰጣት።

ሲጋራ፣ ስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የደም ስብ ይኸንን ገበር ያበላሹታል። ያን ጊዜ ሥሩ መላላት ሲገባው ይጨማደዳል። ስቴንቱ የሚከፍተው ደግሞ የጠበበችውን ቦታ ብቻ ነው እንጂ፣ ከዚያ በታች ያሉትን እንደ ጸጉር የቀጠኑ ሥሮች አይነካም፤ እነሱም በተለመደው ራጅ አይታዩም። ልብስ ሰፊ የካፖርቱን ክርን ጥፎ፣ ገበሩ ሁሉ እንደተተለተለ ቀረ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ራጁም ንጹሕ፣ ሕመሙም እውነት ሊሆን ይችላል። ስቴንት ከገባላቸው ከአምስቱ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጥ በዓመቱም ደረቱን ያመዋል፤ እኛ ብቻ አይደለንም እኮ!

ሐኪሙ የደም ሥር የሚያላላ ክኒን ጨመሩልን፤ የደም ስብ መቀነሻውን እንዳናቋርጥ፣ በየቀኑም እንድንራመድ አዘዙን። ሲጋራ የሚያጨሰውን አንዳችንን ክፉኛ ተቆጡት። የደም ማቅጠኛውን በገዛ ፈቃድ መተው ግን ስቴንቱን በረጋ ደም ሊያስደፍነው ይችላል፤ ያ ተናዶ የተወው ጓደኛችን የተረፈው በዕድሉ ነው። ዐረፍ ብለንም የማይለቅ ሕመም ከመጣ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፣ ነገ የለም።

አሁንም ዳገቱ ላይ አንዳንዴ ይይዘናል፤ ቆም ብለን እናሳልፈዋለን። ስለ ገንዘቡ የምትጠይቁን ካላችሁ፣ ከስብሰባው በኋላ እዚያ ዛፉ ሥር እንቆያለን።